አጋም ምንድን ነው?

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አጋሙን በዓይኑ ያየው ግን ስንቱ ነው? በተለይ ከተማ ያደገው።

አጋም እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ቁልቋል ገላው ለስላሳ ስለሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ይወጋዋል፣ ነጭ ወተቱም ይፈሳል። እንባ የተባለው እሱ ነው። አጋም ራሱም ሲቆረጥ እንዲሁ ነጭ ወተት ይወጣዋል።

ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከተመቸው ግን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ነው፤ በበጋም አይረግፍም። አበባው ደግሞ ሌላ ነገር ነው! ውስጡ ነጭ፣ ጀርባው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ትንሽዬ፣ ግን በዘለላ የሚወጣ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር አጋም ባበበበት ሰሞን በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ገና ቁጥቋጦውን ሳታዩት መዓዛው ይቀድማችኋል።

ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ ሲበስል ጠቁሮ ወይን ጠጅ ይመስላል። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ምሳችን እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ያልበሰለውን የቸኮለ ሰው ከንፈሩ በወተቱ ይጣበቃል። የበሰለውን የበላ ደግሞ አፉ ስለሚጠቁር ቤት ገብቶ «አልበላሁም» ማለት አይችልም። እጃችን በእሾህ ተጫጭሮ ነበር የምንገባው፣ በማግሥቱ ግን ተመልሰን እንሄዳለን።

ሳይንሳዊ ስሙ ካሪሳ ስፓይናረም ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1771 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስም ሲሆን ሁለተኛው ቃል በላቲን «የእሾሆች» ማለት ነው። ካሪሳ ኤዱሊስ የሚሉትም አሉ፤ ኤዱሊስ «የሚበላ» ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ልክ ናቸው፣ አጋም ሁለቱንም ነውና። የሚገኘውም እኛ ጋ ብቻ አይደለም፤ ከአፍሪካ ተነስቶ በዓረብ ምድርና በሕንድ አድርጎ እስከ አውስትራሊያ ይዘልቃል።

የሚኖርበት ጫካ ግን ብዙ ሰው «ሞቃታማ አገር ጫካ» ሲባል የሚያስበው ዓይነት አይደለም። ሁልጊዜ ዝናብ የሚዘንብበት፣ ፀሐይ መሬት የማይነካበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ወደ አእምሯችን ይመጣል። የሞቃታማው ዓለም ሰፊ ክፍል ግን ክረምትና በጋ የሚፈራረቁበት፣ ዛፎቹ ተራርቀው የቆሙበት፣ መሐሉን ሣርና ቁጥቋጦ የሞላው ደረቅ ጫካ ነው። የወሎ ቆላና ወይና ደጋ እንዲህ ነው። ቃሉ ውስጥ፣ ሐይቅ ዙሪያ፣ በከሚሴ በኩል ባሉት ተረተሮች አጋምን ከግራር፣ ከክትክታ፣ ከደደሆና ከወይራ ጋር ታገኙታላችሁ። ገደል አፋፍ፣ የቦይ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥር ይወዳል። እንደ ጉጉፍቱ ባለ ደጋ ላይ ግን አትፈልጉት፤ ብርዱ አይሆነውም።

እኔን የሚያናድደኝ አጋምን «እሾህ ብቻ ነው» ብሎ መንጥሮ ማቃጠል ነው። ወሎ ውስጥ የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ከከብት ንክኪ የተከለለባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቀድመው ከሚመጡት አንዱ አጋምን የመሰለ ቁጥቋጦ ነው። ወፎች ፍሬ ሊበሉ አጋሙ ላይ ያርፋሉ፣ ሌላ ቦታ የበሉትን የወይራ ዘር እዚያው ሥሩ ይጥላሉ። ዘሩ ሲበቅል ጥላ አለው። የረገፈው ቅጠል አፈሩን እርጥብ ያደርግለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍየል አንገቷን አስገብታ ቡቃያውን መንጨት ይከብዳታል፣ እሾሁ አለ። ገበሬው አጥር የሚያጥርበትን እሾህ ተፈጥሮ ለችግኝ አጥር ታደርገዋለች ማለት ነው። ወይራው አድጎ ከአጋሙ በላይ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ አጋሙ በመሐል ከተቆረጠ ግን ችግኙ አንድ በጋ እንኳ ላይሻገር ይችላል።

ሐይቅ አካባቢ የሄዳችሁ ጊዜ አንዱን ያረጀ አጋም ቀረብ ብላችሁ፣ እሾሁን ተጠንቅቃችሁ፣ ቅርንጫፉን ከፈት አድርጋችሁ ሥሩን እዩት። ሾል ያለ ቅጠል ያላት ቀጭን ችግኝ ካያችሁ ወይራ ልትሆን ትችላለች። ቅርንጫፉን ቀስ አድርጋችሁ መልሱላት።