ታኒን ምንድን ነው?

ያልበሰለ ሙዝ ነክሳችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ምላስ ይሻክራል፣ ድድ ይጨመደዳል፣ አፍ ውስጥ ምራቅ የሚባል ነገር የጠፋ ይመስላል። ያንን የሚያደርገው ነገር ታኒን ይባላል። እኔ ስሙን የሰማሁት እዚህ ጅማ፣ አንዲት ጓደኛዬ ቤት፣ ሥዕሏን ካበላሸሁባት በኋላ ነው።

ጓደኛዬ ሁለት ሙያ አላት። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ለየትኛው ምግብ የትኛው ወይን እንደሚሄድ ለእንግዳ የምትናገር እሷ ነበረች። ሶምሊየ የሚሉት ሥራ ነው። ጅማ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ትስላለች። ቡና አገር መጥቶ ወይን አዋቂ ነኝ ማለት ትንሽ ያስቃል። ሰዉ ግን ቶሎ ይገባዋል፤ እዚህ ቡና ቀማሽ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ጥቂት ነው። በማንኪያ ፉት፣ አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ መትፋት። እሷም ያንኑ ነው የምታደርገው፣ በብርጭቆ።

የምትስለውም በወይን ነው። ተከፍቶ የሰነበተ ጉደር ከሰል ላይ ትጥደዋለች። ሲንተከተክ ቆይቶ አንድ ጠርሙስ አንድ ሲኒ ይሆናል። ወፈር ሲልላት ብሩሿን ትነክርበታለች።

አንድ ቀን እናቴ በቆርቆሮ ጣሳ ቆሎ ሞልታ ላከችልኝና ይዤላት ሄድኩ። ክረምት ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጣሳው ቂጥ ዝጓል፣ ረጥቧልም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ጨዋታ ቀጠልን። ለካ ያስቀመጥኩት ገና ያልደረቀ ሥዕል ላይ ኖሯል። እዚያው አደረ። ጠዋት ደወለች። «ና እስቲ፣ የሠራኸውን ጉድ እይ!»

ሄድኩ። ሐምራዊው ወይን መሀል ድቡልቡል ጥቁር ቀለበት ተቀምጧል፤ ቡኒ አይደለም፣ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ጥቁር። ወይኑ ቀይ ነው። ዝገቱ ቡኒ ነው። ጥቁሩ ከየት መጣ? ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሷ እየሳቀች ነበር።

«ታኒን ነው» አለችኝ።

ታኒን ዕፅዋት ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ዓይነት ያለው ቤተሰብ ነው። ልጣጭ፣ ዘር፣ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ይገኛል። ለተክሉ መከላከያው ነው፤ ሊበላው የመጣ እንስሳ አፉ ሲደርቅበት ትቶት ይሄዳል። ዋና ጠባዩ ፕሮቲን ሲያገኝ መጣበቁ ነው። ምራቃችንን የሚያሙለጨልጩት ፕሮቲኖች ናቸው። ታኒኑ እነሱን ጠቅልሎ ሲይዝ ምላስና ላንቃ ያለ ቅባት መፋተግ ይጀምራሉ። ስለዚህ ታኒን ጣዕም አይደለም። ከመራራ፣ ከጎምዛዛና ከጣፋጭ ጋር አይሰለፍም (አንዳንዱ ታኒን መረር ቢልም)። የመዳሰስ ያህል ነው። ጓደኛዬ ወይን ስታቀምሰኝ «ምን ምን ይላል?» አትለኝም። «ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?» ነው የምትለኝ። አንዱ ከፋይ ነው። አንዱ ጆንያ ነው።

ይሄን ጥያቄዋን እወድላታለሁ። ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቼሪ ይሸተኛል፣ ምን ይሸተኛል ይላል። ጅማ ላይ ቼሪ ብትሉ የሚመጣላችሁ ቀይ እሸት ቡና ነው። ከፋይና ጆንያን ግን ሁሉም ዳስሷል።

ስሙ የወጣው ከቆዳ ሥራ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ቆዳ የሚለፋው በኦክ ዛፍ ቅርፊት ነበር። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ይተሳሰርና ቆዳው እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። እንግዲህ ቀይ ወይን ስትጠጡ ምላሳችሁ ላይ ትንሽ ቆዳ ይለፋል ማለት ነው።

ቀይ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀይ ወይን የሚብላላው ከነልጣጩና ከነዘሩ ነው። ነጩ ግን መጀመሪያ ይጨመቅና ልጣጩ ይጣላል፣ ታኒኑም አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። የወይኑ ዝርያም ይለያል። ካቤርኔ ሶቪኞን ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ አፍ ይይዛል። ሜርሎ ለስለስ ይላል። ሁለቱም ዝዋይ ላይ ይበቅላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ሪፍት ቫሊ የሚጠመቀው እዚያ ነው። አክሱሚት ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ባለበት ታኒን ብዙም አይሰማም።

ጓደኛዬን የሚያናድዳት አንድ ነገር አለ። ደረቅ ቀይ ወይን ከፍሪጅ ወጥቶ በረዶ እንደሆነ ሲቀዳ። ቅዝቃዜ የታኒንን ሻካራነት ያጎላዋል። ሰዉ አንዴ ይጎነጭና ፊቱን አጨማዶ «ወይን አይስማማኝም» ይላል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። የጅማ ማታ ያለ ፍሪጅ እዚያው አካባቢ ነው።

ወይን የማትጠጡም፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ብዙ ናችሁ፣ በሻይ ሞክሩት። ከቦንጋ አጠገብ ያለችውን ውሽውሽን የማያውቅ የለም፤ ሻይ ቅጠሉን አብዝታችሁ፣ በደንብ አፍልታችሁ፣ ያለ ስኳር ፉት በሉ። ያልበሰለው ሙዝ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ወተት ጨምሩበት። ታኒኑ የወተቱን ፕሮቲን ስላገኘ የእናንተን ምራቅ ይተወዋል። ቀይ ወይን ከሥጋ ጋር የሚቀርብበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የወይን ጠማቂዎችም ሻካራ ወይን ሲገጥማቸው የእንቁላል ነጩን ይጨምሩበታል፤ ታኒኑን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ አተላ ይሆናል።

ቡናስ? ጅማ ላይ ይሄን ሳይመልሱ ማምለጥ የለም። ቡና ውስጥ የታኒን ዘመዶች አሉ። ምሬቱ ግን በብዛት ከአቆላሉ ነው።

ወደ ጣሳዬ ልመለስ። ታኒን ከፕሮቲን ሌላ ብረትም ይወዳል። ወይን ኮምጣጣ ስለሆነ ዝገቱን ትንሽ ትንሽ ያሟሟዋል። የሟሟው ብረት ከታኒኑ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈበት ቀለም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። (የእኛ የብራና ጥቁር ቀለም ሌላ ነው፣ መሠረቱ ጥላሸት ነው።) ዝናብ በመታው የእንጨት አጥር ላይ ከምስማሩ ሥር ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ካያችሁ እሱም ያው ነው።

የወይኑ ቀይ ግን አይታመንም። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ወደ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሲከርም ደግሞ ቡኒ ይሆናል። ጓደኛዬ ይሄን ስለምታውቅ ሥዕል ለሚገዛት ሁሉ «ገና አልበሰለም፣ ቆይተህ እየው» ትላለች።

ከቀለበቱ ወዲህ ደብተሯ ተለውጧል። የቀመሰችውን ወይን ሁሉ የምትመዘግብበት ነው። ድሮ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ የወይን ጠብታ አለ፤ ጠብታው ላይ ደግሞ ዝገት ባሳደረችበት ኮምጣጤ አንዲት መስመር ታሰምራለች። አክሱሚቱ ላይ መስመሩ ግራጫ ነው። ካቤርኔው ላይ ድቅድቅ ጥቁር። እኔ ቀምሼ ያልለየሁትን ገጹን ሳገላብጥ በዓይኔ አየሁት። መለኪያ ነው ብላ ነው የጀመረችው። ገጾቹን ጎን ለጎን ስትዘረጋቸው ግን እኔ ካየኋቸው ሥዕሎቿ ሁሉ የሚበልጡብኝ እነሱ ናቸው። ነግሬያታለሁ። አልወደደችውም።

ቀለበት ያለበት ሥዕል አሁን እኔ ቤት ተሰቅሏል። ዋጋውን ስጠይቃት «ጣሳውን ተውልኝ» አለች። መስኮቷ ላይ ውሃ ሞልታበት ቂጡ እየዛገ ነው። እናቴ ግን በደወለች ቁጥር ጣሳዬስ ትለኛለች።