የብሪታንያ ወጣቶች ሪያሊቲ ቲቪ፦ ከቢቢሲ ስሪ እስከ ላቭ አይላንድ

ብሪታንያ ውስጥ ከ16 እስከ 34 ዓመት ያለውን ሰው ቲቪ ፊት ማስቀመጥ ለጣቢያዎቹ ትልቅ ራስ ምታት ነው፣ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች ይሄን ዕድሜ አጥብቀው ይፈልጉታል፣ ወጣቱ ግን ዜናም ረጅም ዶክመንተሪም ቁጭ ብሎ ማየት አይወድም፣ ስለዚህ ከ2000 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሪያሊቲ ቲቪ የሚባል፣ ለሱ ተብሎ የሚሰራ ራሱን የቻለ የፕሮግራም ዓይነት መጣ። ተራ ሰው ካሜራ ፊት ይቀርባል፣ የሆነ ፈተና ወይ የማያውቀው ቦታ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ የሚሆነውን እናያለን። ብዙ ሰው ቆሻሻ ቲቪ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ሁሉንም በአንድ ላይ መናቅ ልክ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ከዚሁ ሰፈር የወጡ አንዳንድ ስራዎች በጣም ጠንካራ ጋዜጠኝነት ናቸው።

ዋናው ቤት ቢቢሲ ስሪ ነው። ቢቢሲ ቾይስ የሚባለውን ቻናል ተክቶ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2003 ስርጭት ጀመረ፣ ቀን ቀን ቦታው የልጆች ቻናል የሲቢቢሲ ስለሆነ እሱ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር የሚከፈተው። ገንዘቡ የሚመጣው ህዝቡ በየዓመቱ ከሚከፍለው የቲቪ ፈቃድ ክፍያ ስለሆነ ማስታወቂያ የለውም፣ ይሄ ደሞ ተመልካች ባያመጣ እንኳ አንዳንድ ነገር እንዲሞክር ነጻነት ሰጥቶታል።

ቀለል ካሉት ውስጥ በጣም የታወቀው በ2007 የጀመረው ዶንት ቴል ዘ ብራይድ ነው። ለጥንዶቹ 12,000 ፓውንድ ይሰጣቸዋል፣ ከዛ ለሦስት ሳምንት ይለያያሉ፣ መደዋወልም የለም፣ ሰርጉን የሚደግሰው ሙሽራው ብቻውን ነው፣ አዳራሹን፣ ምግቡን፣ የሚዜዎቹን ልብስ፣ ቬሎውን ራሱ ሳይቀር እሱ ይመርጣል። ሙሽሪት ምን እንደተዘጋጀላት የምታውቀው ሰርጉ ሲደርስ ነው። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ነገር አለ፣ ልጁ አብሯት ለመኖር ያሰባትን ሴት ምን ያህል እንደሚያውቃት፣ ገንዘቡን ለራሱ ህልም ነው ወይስ ለሷ ያዋለው፣ ይሄ ሁሉ ቬሎው ከሳጥን ሲወጣ ፊቷ ላይ ይነበባል። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ቢቢሲ ዋን፣ ከዛም ወደ ስካይ ሄዷል።

ለኔ ግን የቻናሉ ትልቁ ስራ በ2008 የወጣው ብለድ ስዌት ኤንድ ቲሸርትስ ነው። ስድስት ፋሽን የሚወዱ ወጣቶችን ህንድ ወስደው ርካሹን ልብስ ከሚሰፉት ሰራተኞች ጋር አሰሯቸው፣ ማሽን ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ጥጥ ማሳ ይወርዳሉ፣ የሚኖሩትም እንደ ሰራተኞቹ ነው። ስለ አልባሳት ፋብሪካ ደሞዝ አንድ ሰዓት ሙሉ ኤክስፐርት ቢያወራ የ19 ዓመት ልጅ ቻናል ይቀይራል፣ የሱ ዕድሜ ልጅ ስፌቱ አልሆን ብሏት ስታለቅስ ሲያይ ግን ይቀመጣል። ከስድስቱ አንዷ ስቴሲ ዱሊ ነበረች፣ የሉተን ልጅ፣ ኤርፖርት ሱቅ ውስጥ ሻጭ የነበረች፣ ጋዜጠኝነት ያልተማረች። ጥያቄዎቿ ቀጥታ ስለነበሩ ቢቢሲ በ2009 የራሷን ፕሮግራም ሰጣት፣ ስለ ህጻናት ጉልበት ብዝበዛ ጀምራ ለዓመታት ሰራች፣ በ2018 ደሞ ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ የሚባለውን የዳንስ ውድድር አሸነፈች። ትችትም አልቀረላትም፣ በ2019 ኮሚክ ሪሊፍ ለሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዩጋንዳ ሄዳ ህጻን አቅፋ የተነሳችውን ፎቶ ስትለጥፍ የፓርላማ አባሉ ዴቪድ ላሚ አፍሪካን ሁሌ ነጭ አዳኝ እንደሚያስፈልጋት አድርጎ የማሳየት ልማድ ነው ብሎ ተቃወመ፣ እኔም ላሚ ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሰው ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያም ያውቀዋል።

በ2011 ደሞ አወር ዋር መጣ። አፍጋኒስታን ሄልማንድ የዘመቱ የብሪታንያ ወታደሮች ሄልሜታቸው ላይ በገጠሙት ካሜራ ራሳቸው የቀረጹት ነው፣ ተኩሱ፣ ጩኸቱ፣ ጓደኛቸው ሲመታ ሁሉ አለ፣ ከዛ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እነሱም ቤተሰቦቻቸውም ቁጭ ብለው ይናገራሉ። ብዙዎቹ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፣ ከሚያያቸው ተመልካች ጋር እኩያ። በ2012 በፋክቹዋል ሲሪስ (እውነተኛ ታሪክ በሚያሳዩ ተከታታይ ፕሮግራሞች) ዘርፍ ባፍታ የሚባለውን የብሪታንያ የቲቪ ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋል።

ሁሉም እንደዚህ አልነበረም። በ2013 ማንቸስተር ሃርፐርሄይ የሚባል ሰፈር ላይ የተሰራው ፒፕል ላይክ አስ የሰፈሩን ሰዎች አስቆጥቷል፣ ድህነታችንን መዝናኛ አደረጋችሁት፣ የሚሰራውን የሚለፋውን ሰው ትታችሁ ሌላውን ብቻ አሳያችሁ ብለው ነው የተቃወሙት።

በማስታወቂያ የሚኖሩት ጣቢያዎች ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። መነሻው ቻናል ፎር በጁላይ 2000 ያስጀመረው፣ ሰዎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው ቀን ከሌት በካሜራ የሚታዩበት ቢግ ብራዘር ነው፣ የመጀመሪያው ሽልማት 70,000 ፓውንድ ነበር። ቀጥሎ ስክሪፕትድ ሪያሊቲ የሚሉት መጣ፣ ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ጓደኝነታቸውና ፍቅራቸውም አለ፣ ማን ከማን ጋር የት ተገናኝቶ ስለምን እንደሚያወራ ግን ፕሮዲውሰሮች ያመቻቻሉ። አይቲቪ ቱ በኦክቶበር 2010 ዚ ኦንሊ ዌይ ኢዝ ኤሴክስን ሲጀምር በሜይ 2011 ኢ ፎር ሜድ ኢን ቼልሲን፣ ኤምቲቪ ደሞ ጆርዲ ሾርን አመጡ። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው የእንግሊዝን የመደብ ልዩነት ከነአነጋገሩ ያገኘዋል፣ ኤሴክስ ላይ በንግድ ያለፈላቸው ቤተሰቦች ልጆች፣ ቼልሲ ላይ የለንደን ባለጸጎች፣ ጆርዲ ሾር በሚቀረጽባት ኒውካስል ላይ ደሞ የሰሜኑ ልጆች።

ከዛ በጁን 2015 ላቭ አይላንድ በአዲስ መልክ አይቲቪ ቱ ላይ ተመለሰ። ማዮርካ ውስጥ አንድ ቪላ፣ ጥንድ ያልሆነ የሚባረርበት ጨዋታ፣ ህዝቡ በአፕ ድምጽ ይሰጣል፣ የመጨረሻው ሽልማት 50,000 ፓውንድ። በየምሽቱ ስለሚተላለፍ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ወሬው እሱ ሆነ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፣ ከተወዳዳሪዎቹ ሶፊ ግራደን በ2018፣ ማይክ ታላሲቲስ በ2019 ራሳቸውን አጥፍተው ሞቱ፣ አቅራቢዋ ካሮላይን ፍላክ ደሞ በፌብሩዋሪ 2020። በ2019 ፓርላማው ስለ ሪያሊቲ ቲቪ ምርመራ ከፈተ፣ አይቲቪ ከቪላው ለሚወጡት ቢያንስ ስምንት የስነልቦና ምክር ክፍለ ጊዜ እሰጣለሁ አለ፣ ተቆጣጣሪው ኦፍኮምም ጣቢያዎች የተሳታፊዎችን ደህንነት እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ከአፕሪል 2021 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ። የዘገየ ይመስለኛል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች በአንድ ሌሊት ዝነኛ እየሆኑ ብቻቸውን ነው የቀሩት።

ቢቢሲ ስሪን በተመለከተ፣ በማርች 2014 ዳይሬክተር ጄኔራሉ ቶኒ ሆል ወጪ ለመቀነስ ቻናሉ ተዘግቶ ኦንላይን ብቻ እንደሚሆን ተናገረ፣ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ፈርሞ ተቃወመ፣ አልተሰማም፣ ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ተዘጋ። ኦንላይን በነበረበት ጊዜም ግን አልሞተም። ድራግስ ማፕ ኦፍ ብሪትን የሚባሉት አጫጭር ዶክመንተሪዎች የየአካባቢውን የዕጽ ችግር አሳዩ፣ የሜካፕ አርቲስቶች ውድድር የሆነው ግሎው አፕ በ2019 ተጀመረ፣ በዛው ዓመት ሊትል ሚክስ የሚባለው የሴቶች ባንድ ዘፋኝ የነበረችው ጄሲ ኔልሰን ኢንተርኔት ላይ የደረሰባት ስድብ ምን እንዳደረጋት ራሷ የተናገረችበት ኦድ ዋን አውት ወጣ። ቢቢሲ በ2020 ለቢቢሲ ስሪ ፕሮግራሞች የሚያወጣውን በጀት በእጥፍ እጨምራለሁ አለ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ደሞ ቻናሉ ወደ ቲቪ ተመለሰ። አሁንም ዒላማው ከ16 እስከ 34 ነው፣ በተለይ ገቢያቸው ዝቅ ያለና ከለንደን ውጪ ያሉትን ለመድረስ ይሞክራል፣ ግንበኞችን የሚከተለው ብሪኪስ ከተመለሰ በኋላ ከመጡት አንዱ ነው። የማታ 1 ሰዓቱ ስርጭት ያመለጠው አይፕሌየር በሚባለው የቢቢሲ የኦንላይን ማያ ያገኘዋል።