የጎማ ቢላና እውነተኛ ቢላ፦ ስለ ራስ መከላከል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቴኳንዶ፣ ካራቴ ወይም ክራቭ ማጋ የሞከረ ሰው ይህችን ልምምድ ያውቃታል። ጓደኛህ የጎማ ቢላ ይይዛል። አንድ እርምጃ ገብቶ እጁን ቀጥ አድርጎ ይሰነዝርና እዚያው ይደርቃል። ትመክታለህ፣ የእጁን አንጓ ትጠመዝዛለህ፣ ቢላው ይወድቃል። ቲክቶክ በዚህ ዓይነት ቪዲዮ ተጥለቅልቋል። በስፖርቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ከአዳራሹ ይዘነው የምንወጣው እምነት ነው።

«ቢላውን ቀድሜ አየዋለሁ»

በልምምድ ጊዜ ቢላው እንደሚመጣ ታውቃለህ። በየትኛው እጅ እንደሚመጣም ታውቃለህ። ሊወጋ የቆረጠ ሰው ግን ቢላውን አያሳይም። እጅጌው ውስጥ ወይም ከጭኑ ኋላ ይደብቀዋል። «ላይተር አለህ?» ብሎ ይጠጋል። ማጅራት መቺማ ጭራሽ ከፊት አይመጣም። ከተወጉ ሰዎች ብዙዎቹ በቡጢ የተመቱ መስሏቸው እንደነበር ይናገራሉ። ቢላ መሆኑ የገባቸው ደሙን ሲያዩ ነው። ያላዩትን ነገር ደግሞ መመከት አይቻልም።

ቢላ አውጥቶ የሚያስፈራራህ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ስልክህን ነው። ስጠውና ሂድ።

«ሲሰነዝር እጁን እይዘዋለሁ»

በእውነተኛ ጥቃት እጁ ተዘርግቶ አይጠብቅህም። ይወጋል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይወጋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው። ባዶ እጁ ደግሞ ሥራ አይፈታም፤ ኮሌታህን ይዞ ይጎትትሃል ወይም ግድግዳ ላይ ይለጥፍሃል። አንተ በበኩልህ አድሬናሊን ወጥሮሃል። ልብህ ይደልቃል፣ እይታህ ይጠባል፣ ጣቶችህ አልታዘዝ ይላሉ። ጥንቃቄ የሚፈልገው የአንጓ ጥምዘዛ ያን ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። ላብና ደም ያለበት እጅ ላይማ ምኑ ይያዛል?

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል ፈተና አለ። ብዙ አሰልጣኞች ያሠሩታል። ነጭ ቲሸርት ልበስ። ጓደኛህ በጎማ ቢላ ፈንታ ቀይ ማርከር ይያዝ። «እንዳትራራልኝ፣ እንዳትቆም፣ እንደፈለግክ ውጋ» በለው። ከዚያ ቲሸርትህን ተመልከት። ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ በቀይ ተዥጎርጉረው ይወጣሉ። ይህን ፈተና የማይወድ አሰልጣኝ ካጋጠመህ ለምን እንደማይወደው ጠይቀው።

«ሰባት ሜትር ያህል ከራቀ አያሰጋም»

ይህ ከአሜሪካ ፖሊሶች የመጣ ነገር ነው። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6.4 ሜትር አካባቢ፣ ለመሮጥ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስም የሚፈጅበት ያንኑ ያህል ነው። ሰው ይህን ሰምቶ «ከ21 ጫማ ውጪ ሰላም ነው» የሚል ሕግ አደረገው። የቱለር ሐሳብ ግን ማስጠንቀቂያ ነበር፦ በዚያ ርቀት ላይ የታጠቀ ፖሊስ እንኳን ላይቀድም ይችላል። አንተ ደግሞ ሽጉጥም የለህ። ስለዚህ ርቀት ብቻውን አይበቃም። በመሃል መኪና፣ ጠረጴዛ፣ የሚዘጋ በር ይግባ።

«ወንድ ልጅ አይሮጥም»

በሩጫ ዓለም ያወቀን ሕዝቦች ሆነን ይህን ማለታችን ይገርማል። ክራቭ ማጋን የፈጠሩት ኢሚ ሊክተንፌልድ የእስራኤልን ወታደሮች ያሠለጥኑ ነበር። ወታደር ቦታውን እንዳይለቅ ግዴታ አለበት። አንተ የለብህም። የእንግሊዝ ፖሊስ ለሽብር ጥቃት የሚሰጠው ምክር ራሱ ሦስት ቃል ነው፦ ሩጥ፣ ተደበቅ፣ ተናገር።

«እንግዲያው እኔም ሴንጢ ልያዝ»

ለንደን ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህችን ልብ ይበሉ። በእንግሊዝና ዌልስ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ቢላ መያዝ እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። «ራሴን ልከላከል» የሚለው በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ደግሞም ኪስ ውስጥ ያለ ቢላ በስድብ ሊያልቅ የሚችለውን ጠብ ወደ ሬሳ ይወስደዋል።

በዚያው አገር ከ10 ግድያዎች 4 ያህሉ የሚፈጸሙት በስለት ነው። ከስለቶቹ በብዛት የሚገኘው የኩሽና ቢላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ዞምቢ የሚባሉትን አስፈሪ ቢላዎች ከልክሏል። ሽንኩርት መክተፊያውን ግን ማን ይከለክላል? ከተገደሉት ሴቶች ብዙዎቹን የገደላቸው ደግሞ የአሁን ወይም የቀድሞ አጋራቸው ነው። ስልጠናው ላይ ግን አጥቂው ሁልጊዜ የማይታወቅ የመንገድ ሰው ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ክፍተት ነው። ቤት ውስጥ የሚዝትባት ሰው ካለ የሚያስፈልጋት ቶሎ መውጣትና የሚያስጠጋ ዘመድ ወይም መጠለያ ማግኘት ነው፤ የእጅ ጥምዘዛ ምንም አይፈይድም።

የስኮትላንዷ ከተማ ግላስጎው ሌላ መንገድ ሞክራለች። ፖሊሷ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓመፅ ቅነሳ ክፍል አቋቋመ። ክፍሉ ጠብን እንደ ወረርሽኝ አይቶ ከሐኪሞች፣ ከትምህርት ቤቶችና ከራሳቸው ከወጣቶቹ ጋር ሠራ። በስኮትላንድ በዓመት የሚፈጸመው ግድያ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከግማሽ በታች ወርዷል።

«ታዲያ ስልጠናው ከንቱ ነው?»

አይደለም። ትንፋሽ ይሰጣል። ከወደቁበት ቶሎ መነሳትን፣ በድንጋጤ አለመድረቅን ያስተምራል። መውጫ ከጠፋ መታገል ግድ ነው፤ ያኔ ቦርሳም ወንበርም ጋሻ ነው። «ቢላ መንጠቅ በሁለት ወር» የሚል ማስታወቂያ ካየህ ግን እለፈው።

«ቢላው ከተሰካ ቶሎ ይነቀል»

በፍጹም! የተሰካው ቢላ ደሙን ገትሮ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዳለ ተውት፣ ዙሪያውን ደግፉት። ቢላው ከወጣ ግን በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቆመ ወይ ብላችሁ እየገለጣችሁ አትዩ። ደም ቅዳ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ሊሞት ይችላል፤ አምቡላንስ ላይደርስ ይችላል። ከእጅ ወይም ከእግር ደም የሚፈነጥቅ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ማሰሪያ ከቁስሉ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሰውነት በኩል፣ አጥብቆ ይታሰር፤ የታሰረበት ሰዓትም ይመዝገብ። ተራ ቀበቶ ብዙ ጊዜ በበቂ አይጠብቅም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደም ማቆምን ለማንኛውም ሰው የሚያስተምር ዘመቻ አለ፤ ኮርሱ አጭር ነው።

ስልኩ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እንግሊዝ 999፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101 ነው። ደረትና ሆድ ላይ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ከውጭ ባይደማም ከውስጥ ሊደማ ስለሚችል፣ የተወጋው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ።