ካራኮ-ካጊ ምንድን ነው?

ካራኮ-ካጊ ጃፓን ውስጥ፣ ናራ ግዛት ታዋራሞቶ ከተማ የሚገኝ የጥንት መንደር ነው። ለ700 ዓመት ያህል ሰው ኖሮበታል። ዘመኑ ያዮይ ይባላል፤ የሩዝ እርሻ፣ ነሐስና ብረት በደሴቶቹ የተስፋፉበት። መንደር ሲባል ታዲያ አትናቁት፣ ስፋቱ 42 ሄክታር ገደማ ነው፣ ዙሪያውንም ድርብርብ ቦይ ተቆፍሮለታል።

ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1936 እና 1937 ነው። ለመንገድ ሥራ አፈር ሲወስዱ የካራኮ ኩሬ ተቆፈረና ጉድ ወጣ። ቁፋሮውን የመራው ማሳኦ ሱኤናጋ ነበር። እንጨት አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እዚህ ግን ውሃ የጠገበው ጭቃ አየር ስላላስገባ የገበሬው ዶማ ሳይቀር ደህና ቆይቷል። የያዮይ ሰዎች ሩዝ አራሾች መሆናቸው በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ አገኘ።

እኔን የሚገርሙኝ ያላለቁት ዶማዎች ናቸው። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት በግምት ይጠርቡና ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ላይ ይዘፈዝፉታል፣ እንዳይሰነጠቅ። ከዚያ አውጥተው ይጨርሱታል። አንዳንዱ ግን ባለቤቱ ሳይመለስበት እንደተዘፈዘፈ ቀርቷል።

አጨዳው ደግሞ በድንጋይ ነበር። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ስስ ድንጋይ ሁለት ቦታ ይበሳል፣ በቀዳዳው ገመድ ይገባል፣ ጣታቸውን ገመዱ ውስጥ ሰክተው ዛላውን ብቻ እየቀነጠሱ ይሄዳሉ። አድካሚ ነው፤ ግን ሩዙ እኩል በማይደርስበት ማሳ የደረሰውን መርጦ ለመቁረጥ ይመቻል።

እርሻ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። ዶታኩ የሚባለው የነሐስ ደወል የሚፈስበት የድንጋይና የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ተገኝቷል፣ የወናፍ አፍም አብሮ። ነሐስ አቅልጦ ደወል ማፍሰስ ማንም ተነስቶ የሚሞክረው ሥራ አይደለም፤ እጁ የተፈታ፣ ሌላው አርሶ የሚያበላው ባለሙያ ይጠይቃል። ለእኔ ቦታውን ከተራ የገበሬ ሰፈር የሚለየው ይሄ ነው።

ኩሬው ዳር አሁን ባለ ፎቅ ማማ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ነው፣ መነሻውም በሸክላ ስባሪ ላይ የተጫረ ሥዕል፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ጥቅልል ጌጥ ሁሉ አለው። ያምራል፣ ግን ሥዕሉን የጫረው ሰው ማማውን አይቶት ይሁን ሰምቶት ማን ያውቃል? ከሄዳችሁ ፎቶ አንሱና እዚያው ከተማ ወዳለው ሙዚየም ግቡ። ስባሪው እዚያ ነው።