የፕላን ስምምነት ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አንድ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዞ ባሕር ዳር ወዳለው ቤታችን መጣ። የሕንፃ ንድፍ ነው። ጂ+7። አርክቴክቸሩ፣ ስትራክቸሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሳኒተሪው ሁሉም ተሠርቶ፣ ማኅተም ተመቶበት አልቋል። የከፈለውን ብር ሲነግረን አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞ ወደ ግንባታ ፈቃድ መስኮት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥቅሉን ገና ሳትዘረጋ፣ «ጋሼ፣ የፕላን ስምምነት ወስደዋል?» አለችው።

አልወሰደም። ምን እንደሆነም አያውቅም ነበር። ጠይቆ ሲያወጣው ቦታው የሚፈቅደው እስከ ጂ+4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ፎቅ ወረቀት ላይ ቀረ። ነገሩ ሦስት ወለል ቆርጦ በመጣል አያልቅም። ለስምንት ወለል የተሰላ መሠረትና ኮለን (ምሰሶ)፣ የሊፍትና የደረጃ ቦታ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ሁሉም እንደገና ይሠራል። የሁለት ዓመት ቁጠባው እዚያ ላይ ሄደ። በጣም ነው ያዘንኩለት። አንድ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠይቅ የሚድን ብር ነበር።

እና ምንድን ነው ይሄ ስምምነት?

የፕላን ስምምነት ማለት ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት፣ ከተማው ስለዚያች ቦታ አስቀድሞ የወሰነውን በጽሑፍ የምትቀበሉበት ወረቀት ነው። እዚህ ቦታ ላይ መኖሪያ ነው የሚፈቀደው፣ ሱቅ፣ ሆቴል ወይስ ቅይጥ? እስከ ስንት ፎቅ? ሕንፃው ከመንገዱና ከጎረቤት አጥር ስንት ሜትር ይራቅ? ከቦታው ምን ያህሉ ይሸፈን? ነገ የሚሰፋ መንገድ ይነካዋል ወይ? እናንተ ልትሠሩ ያሰባችሁትን ትናገራላችሁ፤ ከፕላኑ ጋር ይገጥማል ወይም አይገጥምም ትባላላችሁ። ከገጠመ ተስማማችሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ከካርታ ጋር ያምታታዋል። ካርታው ይዞታው የማን እንደሆነ ይናገራል። የሊዝ ውሉ ደግሞ ለስንት ዓመት እንደያዛችሁት ይናገራል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለመኖሪያ 99፣ ለንግድ 70 ዓመት ነው የተቀመጠው። የግንባታ ፈቃድ የሚባለው ደግሞ ያለቀው ንድፍ ተመርምሮ «በሉ ጀምሩ» የምትባሉበት ነው። የፕላን ስምምነት በእነዚህ መካከል ያለ ደረጃ ነው። ካርታ ያለው ሁሉ የፈለገውን ያህል ፎቅ ይደረድራል ማለት አይደለም።

ፎቁን የሚወስነው ማነው? ብዙዎቻችን መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ይመስለናል። ባለሙያው ያነባል እንጂ አይወስንም፤ ቢያንስ እንደዚያ መሆን አለበት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ደረጃ አስቀምጧል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶቹ፣ መኖሪያው፣ ኢንዱስትሪው፣ አረንጓዴው የት እንደሚሆን የሚያሳይ። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃ ከፍታን፣ ጥግግትን፣ የውስጥ መንገዶችን፣ ክፍት ቦታዎችን የሚወስነው እሱ ነው። ከእናንተ ቦታ ላይ የተጻፈው «ጂ+4» ከዚያ ነው የሚመጣው። ፕላኖቹ ከመጽደቃቸው በፊት ደግሞ ለሕዝብ ቀርበው አስተያየት እንዲሰጥባቸው አዋጁ ያዛል። ስለዚህ በፎቅ ቁጥር የምንከራከርበት ትክክለኛው ቦታ ያ ስብሰባ ነው። ሰፈራችን ሲጠራ ግን አዳራሹ ግማሹን አይሞላም። እኔም ቀርቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባሕር ዳር ለፕላን አዲስ ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ማክስ ጉተር የተባሉ ጀርመናዊ ባለሙያ የመሩት ቡድን ማስተር ፕላን ሠርቶላታል። ዛሬ በዘንባባው ሥር የምንራመድባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን አሳብ ውጤት ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ገና በተቋቋሙበት ጊዜ፣ ሕዝቡ ጥቂት ሳለ፣ ነገ የሚመጣውን ሕዝብ አስበው መንገዱን ሰፋ አድርገው ተዉት። እኛ ዛሬ ፎቅ የምንደረድረው እነሱ በተዉት ስፋት ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ»። ምድብ «ሐ» ውስጥ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎችና ፋብሪካዎች ነበሩ። ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ማንኛውም ሕንፃም እዚያው ይገባ ነበር። 12 ሜትር ማለት ስንት ነው? አንዱ ወለል ሦስት ሜትር ከሃያ ቢሆን፣ ጂ+3 ራሱ 12 ሜትር ከ80 ይደርሳል። ማለትም በሰፈራችን ዓይን «ትንሽ ፎቅ» የምንለው፣ በዚያ አዋጅ ዓይን ከሆስፒታል ጋር በአንድ ምድብ ተቀምጦ ነበር። የሚጠየቀው ባለሙያ፣ የሚደረገው ምርመራ፣ ቁጥጥሩ ሁሉ በዚያው ልክ ይጠብቅ ነበር። «አንድ ፎቅ ብጨምር ምን አለበት?» የሚል ሰው ይህችን 12 ሜትር ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

የፎቅ ቁጥር ብቻውን ግን ሙሉውን አይናገርም። 500 ካሬ ቦታ አለቻችሁ እንበል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶውን ሸፍኑ ብትባሉ፣ አንዱ ወለል 300 ካሬ ይሆናል። ጂ+4 አምስት ወለል ነው፤ ጠቅላላው 1,500 ካሬ፣ የቦታው ሦስት እጥፍ። አንዳንድ ቦታ ላይ ፕላኑ ፎቁን ከፍ አድርጎ ሽፋኑን ያጠብባል፤ ሕንፃው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ዙሪያው ዛፍና መኪና ማቆሚያ ይኖረዋል። ሌላ ቦታ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ ሽፋኑንና እጥፉንም አንብቡ። በአገራችን የፕላን ሥራ ላይ የሚነገረው «ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ አርባ» የሚባል መርህም አለ። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ማለት ነው። የእናንተ ቦታ ዙሪያው ለምን ክፍት እንደሚተው ስትጠይቁ መልሱ በከፊል ይኸው ነው።

ወደ ሐይቁ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጂ+4 ሕንፃ እዚያ ላይ ቢቆም ጣሪያው ከውኃው በላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ሐይቅ የሚገባበትን ቆሻሻ ወደ ጥልቁ ወስዶ የሚደብቅበት ቦታ የለውም። እምቦጭ ምን እንዳደረገው አይተናል፤ ከመሬት ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ለአረሙ ቀለብ ነው። አሁን አስቡት። የከተማችን ፍሳሽ በአብዛኛው የሚጠራቀመው በየግቢው ባለ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ነው። አንድ ቤተሰብ በነበረበት ግቢ ሠላሳ አባወራ ሲገባ፣ ሠላሳ ሽንት ቤትና ሠላሳ ማእድ ቤት አብሮ ይገባል። ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ቶሎ ቶሎ ካልመጣ፣ ወይም ታንኩ ለዚያ ሰው ብዛት ካልተሰላ፣ መሄጃው አንድ ነው። ቁልቁል፤ ወደ ጣናና ወደ ዓባይ።

ከመሬት በታች ያለው ውኃም አለ። በዳርቻው አካባቢ ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ይገኛል። ሐይቁ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ በግንቦትና በሰኔ ይወርዳል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ያሉት የጨረጨራ ግድብ በሮች የውኃውን አወጣጥ ይቆጣጠራሉ። በግንቦት ተቆፍሮ ደረቅ የነበረ ቤዝመንት በጥቅምት ኩሬ ሊሆን ይችላል። አፈሩም ቢሆን በየሰፈሩ ይለያያል። አንዱ ጋ መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሌላው ጋ ወዲያው ጥቁር ድንጋይ ትመታላችሁ። ለዚህ ነው የአፈር ምርመራ ለይስሙላ የማይሠራው። «ጎረቤቴ ጂ+5 ሠርቶ ቆሞለታል» ማለት ለእናንተ መሬት ማስረጃ አይሆንም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ቦታ በቀጠና ይከፈላል። በጥብቅ የሚጠበቀው አለ፤ እሱን የሚከልለው አለ፤ ሰው እየኖረና እየሠራ በጥንቃቄ የሚያለማው አለ። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ያለ ቦታ የሚያስነሳው ጥያቄ ከባለቤቱ ፍላጎት ይሰፋል። ደንገሉ፣ ዓሣው የሚራባበት ጠርዝ፣ ታንኳ የሚወጣበት የውኃ ዳር፣ ሁላችንም ማታ ማታ ነፋስ የምንቀበልበት መንገድ አለ። ረጃጅም ሕንፃዎች ትከሻ ለትከሻ ዳርቻው ላይ ቢደረደሩ፣ ከኋላ ያለው ሰፈር ሐይቁንም ነፋሱንም ያጣል። እኔ በግሌ ከፍታ ከሐይቁ እየራቀ ቢጨምር፣ ወደ ውኃው ሲቀርብ ዝቅ ቢል እወዳለሁ። በእይታ የሚነግድ ሆቴል በዚህ ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ግን እይታው የሱ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው። አውሮፕላን። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው አይርቅም። በዓለም አቀፉ ደንብ፣ ረጅም ማኮብኮቢያ ባላቸው ማረፊያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከማረፊያው ከፍታ በላይ 45 ሜትር ላይ እንደ ጣሪያ ያለ ወሰን ይታሰባል። በመነሻና በማረፊያው አቅጣጫ ደግሞ ወሰኑ ይጠብቃል። በዚያ በኩል ረጅም ሕንፃ ያሰበ ሰው ከሲቪል አቪዬሽን ጋር ሳይነጋገር ባይደክም ይሻለዋል።

ስምምነቱ ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ ይታወቃል። ንድፍ ይሠራል፣ ይመረመራል፣ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል፣ በየደረጃው ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይጠየቃል። የሕዝብ መገልገያ ከሆነ አካል ጉዳተኛ የሚገባበትና የሚገለገልበት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል።

አፓርታማ ለምትገዙ ደግሞ ልጨምር። ሻጩ የሚያምር ሥዕል ያሳያችኋል። እናንተ የፕላን ስምምነቱንና የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ጠይቁ። የሚሸጥላችሁ ቤት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ያለው ጂ+6 ከሆነ፣ ብራችሁ አየር ላይ ነው ያለው። ማፈር አያስፈልግም፤ ቅጂ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ጂ+4ን አሠራ። በጥቅምት መሠረቱ ውስጥ ውኃ ወጣና ሁለት ሳምንት በፓምፕ ሲያስወጡ ከረሙ። አሁን ሦስተኛው ሶሌታ ተሞልቷል። ባለፈው ሳምንት ከጎኑ ያለውን ቦታ የገዛ ሰው መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ንድፉን ማን ሠራልህ? ስልኩን ስጠኝ» አለው። ስልኩን ከመስጠቱ በፊት አብሮት እስከ መስኮቱ ድረስ ሄደ።