ማር ለተሻለ እንቅልፍ

ማርን ለብ ባለ ውኃ ወይም ወተት በጥብጦ ከመኝታ በፊት መጠጣት በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ማር ከሁሉ በፊት የሳልና የጉሮሮ መድኃኒት ሲሆን፣ ለዚሁ በብርቱ የሚፈለገው መሬት ውስጥ የሚኖሩና የማይናደፉ ጥቃቅን ንቦች የሚሠሩት የጣዝማ ማር ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ በጥቂቱ ብቻ የሚገኝ በመሆኑም ውድ ነው።

ማር ከእንቅልፍ ጋር ያለው የተጨበጠ ግንኙነትም በዚሁ በሳል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በጉንፋን ምክንያት ሌሊት የሚያስሉ 105 ልጆች ተሳትፈው፣ ከመኝታ በፊት ማር የተሰጣቸው ልጆች ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው እንደቀለለና የተሻለ እንደተኙ ወላጆቻቸው መስክረዋል። በእስራኤል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሉ 300 ልጆች ተሳትፈው፣ ከመኝታ 30 ደቂቃ በፊት 10 ግራም ማር የወሰዱት የቴምር ሽሮፕ ከወሰዱት የበለጠ ለውጥ አሳይተዋል። ማሩ ወፍራምና ጣፋጭ በመሆኑ ምራቅ ያበዛል፣ የተቆጣውንም ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ሳሉ ጋብ ሲል ልጁም፣ አጠገቡ የምታድረው እናቱም እንቅልፍ ያገኛሉ።

ሳል ለሌለበት ሰው ግን ማስረጃው ቀጭን ነው። ማር ጉበት ሌሊቱን የሚጠቀምበትን ስኳር ይሞላል ይባላል፤ ይሁንና በደንብ የበላ ጤነኛ ሰው ጉበት ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ክምችት አለው። ትሪፕቶፋን የተባለ፣ በፕሮቲን ውስጥ የሚገኝ እንቅልፍ አምጪ ንጥረ ነገር አለው የሚባለውም ቢሆን፣ የማር ፕሮቲን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ ብዙ አያስኬድም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 17 ግራሙ ስኳር ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ልማድ ሊያደርገው አይገባም፤ ሌላውም ሰው ጥርሱን ሳይቦርሽ መተኛት የለበትም።

ለምሽት መጠጥነት ያልፈላው ብርዝ ከጠጅ ይመረጣል። ጠጅ እንቅልፍን ቶሎ ቢያመጣም፣ በውስጡ ያለው አልኮል የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል፤ ጠጥቶ የተኛ ሰው ጎህ ሳይቀድ የሚባንነውም ለዚህ ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወራት ያህል እንቅልፍ የራቀው ሰው ደግሞ በማር ሲታከም ጊዜውን ከሚያባክን ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ለእንዲህ ያለው የእንቅልፍ እጦት ቀዳሚው ሕክምና የእንቅልፍ ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው።

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝልና ትንፋሽን እስከ ማቋረጥ የሚደርስ ቦቱሊዝም የተባለ መመረዝ ያስከትላል፤ ማሩን ቤት ውስጥ እሳት ላይ ማፍላትም ይህን ዘር አይገድለውም። አራስ ልጅን ቅቤ ወይም ማር ማቅመስ በተለመደባቸው አካባቢዎች አያቶችና አዋላጆች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።