ሲልኮን ጓርኒሲዮን አይደለም

«አለቃ፣ ሲልኮን ቀባ ቀባ አድርገህ ዝጋው» ያለኝን ሰው ብዛት መቁጠር ትቻለሁ። ሰሞኑን ወደ ጋራዤ የሚመጣው ሁሉ ዱባይ ያለ ዘመድ የላከለትን የሚያብረቀርቅ ኢንቴክ ማኒፎልድ በፌስታል አንጠልጥሎ ነው። ግጠምልኝ ይላል፤ በሳምንቱ ተመልሶ «ጉልበቱ የታለ?» ይለኛል።

ሲልኮን ከጓርኒሲዮን (ሁለት ብረቶች መሃል ከሚገባው ማሸጊያ) ይበልጣል የሚለው አባባል ነው የሚያንገበግበኝ። ማኒፎልዱ አየሩን ለየሲሊንደሩ ያከፋፍላል። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚነፋው መሣሪያ) በሌለው ቤንዚን ሞተር ውስጡ ይስባል፤ ቱርቦ ሲነፋ ግን ግፊቱ ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ ወፍራም ሲልኮን ከውስጥ ሲገፋ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከርሞ አንድ ቀን በስሱ በኩል ይበሳል። ወደ ውስጥ የተረፈው ደርቆ ከተላቀቀ ደግሞ መሄጃው አንድ ነው፦ ወደ ቫልቭ።

ባለፈው ክረምት የደባርቅ መስመር የሚሠራ አንድ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕ መጣልኝ። ሾፌሩ «ኮሶዬ ዳገት ላይ ያፏጫል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ አይጎትትም» አለኝ። ሌላ ቦታ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ሁለተኛ እጅ ቱርቦ አስገጥሟል፤ ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። የቱርቦውን መግቢያ ደፈንኩና ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር በመቆጣጠሪያ ቀስ አድርጌ 0.7 ባር ያህል አየር ሰጠሁት። ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ ስረጭበት አራተኛው ሲሊንደር ሥር እንደ ጉሽ ጠላ ኩፍ አለ።

ፈታሁት። ማኒፎልዱ በብየዳ የተሠራ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ደግሞ ብረትን ያጣምማል። ሞተሩ ላይ የሚለጠፈው ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ክፍተቱን በስለት መለኪያ (በቀጫጭን የብረት ስለቶች) ለካሁት። መሃሉ ላይ የ0.1 ሚሊሜትሩ ስለት እንኳ አይገባም፤ ጫፉ ላይ የ0.4ቱ ሰተት ብሎ ገባ። ያንን ክፍተት ነው በሲልኮን የሞሉት! ቶርኖ ቤት ፊቱን አስተካከሉልኝ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን በደረቁ ገባ፣ ፉጨቱም ጠፋ። ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ጣቴን የሚያህል ሰማያዊ ሲልኮን ተንጠልጥሎ ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ ሾፌሩ። «ለቱርቦው የከፈልከው ብር ነው» አልኩት።

ስለዚህ ማኒፎልድ ከመገጠሙ በፊት ፊቱ ይለካ። ጓርኒሲዮኑ ላይ ተደርጎ ቀዳዳዎቹ መግጠማቸው ይታይ። የግፊት ሴንሰሩና የጭስ መመለሻው ቫልቭ መግቢያ አለው? ከሌለው ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ እኔ ጋ አትምጡ።

ሌሎች የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ማኒፎልድ ከተለወጠ መኪናው ይሮጣል»፦ ረጅም ቧንቧ ያለው ማኒፎልድ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሽከረከር ይረዳል፣ አጭሩ በከፍተኛ ዙር። ጤፍ ጭኖ በ2,000 ዙር ዳገት ለሚወጣ መኪና የውድድር ማኒፎልድ ምን ሊፈይድለት?

«ቱርቦ ካለው ከፍታ አይነካውም»፦ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ብዙም አያልፍም። ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት። የሚያፈስ ማኒፎልድ ሲጨመርበት በከንቱ ይለፋል።

«ቡሎን በጠበቀ ቁጥር ይሻላል»፦ ማኒፎልዱ የሚታሰርበት ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ወንድሜ። ከመሃል ወደ ጫፍ፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች፣ የሞተሩ መጽሐፍ በሚለው ልክ ነው የሚጠብቀው። ክያቤው (የቡሎን መፍቻው) ላይ ቧንቧ ሰክቶ ሲጎትት ክሩን የበላ ሰው የማስተካከያውን ዋጋ ስነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በሲልኮን አይያዝም?» ብሎ ነው።